ግቢ የገባ ጉርጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ሲገባ ማታ ማታ ግቢያችን አንድ እንግዳ ይመጣል። የበሩ መብራት ስር ቁጭ ይላል። አይሮጥም፣ ማንንም አይተናኮልም። ቤተሰቡ ግን ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፤ ግማሹ ስልክ።

ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው። መጥረጊያ የያዘው ስለ ጉርጥ ሲሰማ ያደገው አብዛኛው ነገር ልክ አይደለም። ስልክ የያዘው ደግሞ እንስሳውን እየወደደው ሊጎዳው ይችላል። እኔ በግሌ ከስልኮቹ ወገን ነኝ። ጉርጥን መሬት ላይ ተኝቶ ዓይን ለዓይን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ መጥረጊያ ያነሳል ብዬ አላምንም።

ስለ ማን እንደምናወራ አስቀድመን እንግባባ። ጉርጥ የምለው ቆዳው ደረቅና ጎርባጣ፣ እግሩ አጭር የሆነውን ነው። ከመዝለል ይልቅ መራመድና ነጠር ነጠር ማለት ይቀናዋል። ቆዳዋ ለስላሳና እርጥብ፣ እግሯ ረጅም፣ አንዴ ዘላ የምትሰወረው እንቁራሪት ናት። በሳይንሱ ጉርጥ ራሱ ከእንቁራሪቶች ትልቅ ወገን አንዱ ቅርንጫፍ ስለሆነ፣ ብትቀላቅሏቸውም ማንም አይፈርድባችሁም።

«ጉርጥ የነካ ሰው ኪንታሮት ይወጣበታል»

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አውሮፓም አሜሪካም ልጆች ሲባሉት ያደጉት ነገር ነው። ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም፤ የጉርጥ ጀርባ ራሱ ኪንታሮት የወረሰው ይመስላል።

ጀርባው ላይ የምታዩት እብጠት ሁሉ ግን ዕጢ ነው። በሽታ አይደለም፣ አይተላለፍም። ሰው እጅ ላይ የሚወጣውን ኪንታሮት የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። የሚተላለፈውም ከሰው ወደ ሰው ነው፤ በቆዳ ንክኪ፣ በጋራ ፎጣ፣ በባዶ እግር በሚረገጥ እርጥብ የሻወር ወለል። ልጃችሁ እጅ ላይ ኪንታሮት ካያችሁ ጉርጡን ትታችሁ ፎጣውን ጠርጥሩ።

እጅ መታጠብ ግን አይቀርም። እንደ ኤሊና እንደ ጫጩት ሁሉ ጉርጥም ቆዳው ላይ ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል። በሳሙና መታጠብ ይበቃል።

«ዓይን ላይ ይሸናል፣ ያሳውራል»

ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ስልኬን ይዤ መሬት ላይ ስንበረከክ ካዩኝ ዝም አይሉም።

«ኧረ ልጄ ተነስ! ዓይንህ ላይ ይረጭብሃል!»

«እማማ፣ አይረጭም እኮ።»

«አንተ ደግሞ! እኛ ስንቱን አየን!»

እማማ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ጉርጥ ብድግ ሲያደርጉት እውነትም ውሃ ይለቃል። ያ ውሃ ግን መርዝ አይደለም፣ ኢላማም የለውም። ፊኛው ውስጥ ያጠራቀመው ነው። ለጉርጥ ፊኛ የሽንት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድርቅ ሲሆን ከዚያው ውሃ መልሶ ወደ ሰውነቱ ይስባል። ስለዚህ በበጋ አንስታችሁት እጃችሁን ካረጠበው፣ የከሰረው እሱ ነው። የክፉ ቀን ስንቁን ነው ያስደፋችሁት።

ጉርጥ በአፉ ውሃ አይጠጣም። ሆዱ ስርና ጭኑ መሃል ያለው ስስ ቆዳ ውሃ ይመጥጣል። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሆዱን ለጥፎ፣ እግሮቹን ከፍቶ ተኝቶ ካያችሁት እየጠጣ ነው። ያ ቆዳ ውሃውን ብቻ መርጦ አያስገባም። እጃችሁ ላይ ያለው የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የፀሐይ ክሬም፣ የሳሙና ቅሪት፣ ሳኒታይዘር ሁሉ ሊገባ ይችላል። የግድ ማንሳት ካለባችሁ እጃችሁን በደንብ አለቅልቁ፣ ሳታደርቁ በእርጥቡ ያዙት፣ ቶሎ አስቀምጡት። ለፎቶ ብሎ ማንሳት ግን ምንም አያስፈልግም።

«መርዙን ይተፋል»፣ ወይም በተቃራኒው «ምንም መርዝ የለውም»

ሁለቱም ስህተት ነው። ከዓይኑ ኋላ፣ ትከሻው ጋ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ረዘም ያሉ እብጠቶች አሉ። ጉርጥ መሆኑን ከሩቅ የምትለዩትም በእነሱ ነው። ሲጫኗቸው ወይም ሲነከሱ ወተት የመሰለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣሉ። በፈሳሹ ውስጥ ልብን የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች አሉ። ካልነኩት፣ ካልጨመቁት ግን ሜትር ተሻግሮ የሚተፋው ነገር የለም። ያልቆሰለ እጅ ላይ ቢነካም ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። ዓይን ወይም አፍ ውስጥ ከገባ ግን ያቃጥላል። በብዙ ውሃ መታጠብ ነው፤ ካልተሻለ ሐኪም ጋ መሄድ።

ከሰው ይልቅ የሚያሰጋው ለውሻ ነው። ቡችላ ሁሉን ነገር በአፉ ይሞክራል። ጉርጥ የነከሰ ውሻ ወዲያው ምራቁ ይዝረከረካል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ በእግሩ አፉን ይፍቃል። አፉን በውሃ እጠቡት፤ ግን ከጎን ወደ ውጭ እንዲፈስ እንጂ ወደ ጉሮሮው አይሁን። እርጥብ ጨርቅ ይዞ ድዱን መጥረግም ይረዳል። ከተንገዳገደ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሹ ከከበደው ጊዜ አታጥፉ፤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ነው። ፍሎሪዳ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። እዚያ ከውጭ ገብቶ የተስፋፋው ኬን ቶድ የተባለው ግዙፍ ጉርጥ ውሻ ይገድላል።

ለልጆች ደግሞ አንድ ሕግ ይበቃል፦ ማየት ይቻላል፣ አፍ ላይ ማድረግ አይቻልም። ይነክሰኛል የሚለውን ስጋት ግን ከእነሱ ላይ አንሱላቸው። ጉርጥ ጥርስ የለውም።

«እናትየው ልጇን አዝላ ትዞራለች»

ይህን ፎቶ በየስልኩ ታገኙታላችሁ። ትልቅ ጉርጥ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ጉርጥ ተሸክማ። ስር የተጻፈው ሁሌ አንድ ነው፦ «የእናት ፍቅር»።

ልብ የሚነካ ነገር ማበላሸት አልወድም። ግን ላይ ያለው ልጅ አይደለም፤ ባል ነው። በጉርጥ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ወንዱ ጀርባዋ ላይ ይወጣና በፊት እግሮቹ ብብቷ ስር አጥብቆ ያቅፋታል። እሷ ውሃ እስክታገኝ ድረስ እንዲሁ ተሸክማው ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለቀናት። ውሃ ውስጥ እንቁላሏን ስትጥል እሱ ያዳብረዋል።

ጠጋ ብላችሁ ብታዩ የወንዱ የፊት እግር ጣቶች ላይ ጠቆር ያለ ሻካራ ነገር አለ። እንዳያንሸራትተው የሚረዳው እሱ ነው። በመራቢያ ወቅት ወንዱ የሚያቅፈውን እንኳ በደንብ አይመርጥም። ሌላ ወንድ ላይ ከወጣ የታቀፈው ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ድምፅ ያሰማል፣ ጎኑንም ያንቀጠቅጣል። «ልቀቀኝ፣ ተሳስተሃል» ማለቱ ነው። እናንተ አንስታችሁት ያንን ድምፅ ካሰማ ለእናንተም እየተናገረ ነው።

የጉርጥ ልጅ እናቱን አያውቃትም። የግቢያችን ዓይነት ጉርጦች እንቁላላቸውን ውሃ ውስጥ በረጅም ግልጽ ክር ይጥላሉ። ጥቋቁሮቹ እንቁላሎች ክሩ ውስጥ እንደ መቁጠሪያ ተሰድረው ይታያሉ። የእንቁራሪት እንቁላል ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክምር ሆኖ ወይም ተበትኖ ነው የሚገኘው። ኩሬ ዳር የእንቁላል ክር ካያችሁ ፎቶውን አንሱና ክሩን ሳትነካኩ ተውት።

«ራሱን ሲነፋ ይፈነዳል»

እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች ይባላል። ተረቱ ለትዕቢተኛ ሰው የተባለ ነው፤ እዚያ ላይ ጠብ የለኝም። እንስሳው ግን እውነትም ይነፋል፤ አይሰነጠቅም እንጂ።

ጉርጥ ሲፈራ ሳንባውን በአየር ይሞላል። አራት እግሩን ቀጥ አድርጎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጀርባውን ወደ አስፈራው ነገር ያዘነብላል። በዚህ አኳኋን ለእባብ ለመዋጥ የማይመች ይሆናል፤ የመርዙን ዕጢዎችም ፊት ለፊት ያቀርባቸዋል። አደጋው ሲያልፍ አየሩን ያወጣና ወደ ቀድሞው መጠኑ ይመለሳል።

ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ጉርጡ አብጦና ቆሞ ካያችሁት «እንዴት ያምራል!» ብላችሁ አትጠጉ። በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ሲረጋጋ እንደገና ይቀመጣል፤ ጥሩው ፎቶም ያኔ ነው የሚገኘው።

«ጉሮሮው የሚርገበገበው ደንግጦ ነው»

አይደለም፣ እየተነፈሰ ነው። ጉርጥ እንደ እኛ ደረቱን አስፍቶ አየር መሳብ አይችልም፤ የጎድን አጥንት ያለው ደረት የለውም። የአፉን ወለል ዝቅ ከፍ እያደረገ ነው አየር የሚገፋው። ጉሮሮው ሲርገበገብ ካያችሁ ሁሉም ሰላም ነው።

«ፎቶው ላይ እየሳቀ ነው»

ቅጠል እንደ ጃንጥላ የያዘች እንቁራሪት፣ አፏን ከፍታ «የምትስቅ» እንቁራሪት፣ ቀንድ አውጣ ላይ የተቀመጠች እንቁራሪት። ከኢንዶኔዢያ የወጡ እንዲህ ያሉ ብዙ ፎቶዎች ዓለምን አዳርሰዋል። ብዙዎቹ ግን የተቀናበሩ ናቸው በሚል የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ነቅፈዋቸዋል። እንቁራሪትም ጉርጥም በፊቱ ስሜት የሚገልጽበት ጡንቻ የለውም። አፉን ከፍቶ ከቆየ ተጨንቋል ወይም አንድ ነገር አፉ ውስጥ አለ።

የባሰም አለ። እንስሳው እንዳይንቀሳቀስ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ አቀዝቅዞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አለ። የደነዘዘ እንስሳ ዝም አለ ማለት ተመችቶታል ማለት አይደለም። ይህን ጨዋነት የጎደለው ሥራ ነው ከማለት ውጪ ሌላ ቃል የለኝም።

«ጥሩ ፎቶ ለማንሳት ጥሩ ካሜራና ፍላሽ ያስፈልጋል»

ካሜራው ሁለተኛ ነው። የሚያስፈልገው ጉልበቱና ሆዱ ላይ ቢቆሽሽ የማይቆጭ ልብስ ነው። ከላይ ቆሞ የተነሳ የጉርጥ ፎቶ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ጭቃ። ዝቅ ሲባል ግን ሌላ እንስሳ ይወጣል። የጉርጥ ዓይን ወርቃማ ነው፤ በጥቁር ነጠብጣብ የተረጨ፣ መሃሉ ላይ አግድም የተኛ ጥቁር ብሌን ያለው። ይህን ከላይ ሆኖ ማንም አያየውም።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ስልካችሁን ገልብጡት፤ ካሜራው ያለበት ጫፍ ወደ ታች ይሁን። ሌንሱ መሬቱን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ እናንተም ያን ያህል ማጎንበስ አያስፈልጋችሁም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የጉርጡን ዓይን ነክታችሁ ፎከሱን እዚያ አቁሙ። ዓይኑ ከጠራ ሌላው ቢደበዝዝም ፎቶው ፎቶ ነው።

ብርሃንን በተመለከተ ሰዎች ሁለት ጽንፍ ይዘዋል። አንዱ «ፍላሽ ያሳውረዋል» ይላል፣ ሌላው «ምንም አይሆንም» ይላል። አንድ ፍላሽ ያሳውረዋል የሚያስብል ማስረጃ የለም። ግን የጉርጥ ዓይን ለጨለማ የተሠራ ነው። ከአንድ ስንዝር ርቀት ላይ በተደጋጋሚ ሲበራበት ለጊዜው ይደነዝዛል፤ እስኪያገግም ማደኑን ያቆማል፣ ጠላቱም ቢመጣ በደንብ አያየውም። በዚያ ላይ የስልክ ፍላሽ ፎቶውንም ያበላሸዋል። እርጥብ ቆዳ ላይ ነጭ ነጥብ በነጭ ነጥብ ይሆናል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጠቁራል።

የተሻለው እንዲህ ነው። ሰው ካለ የእጅ ባትሪ ያዝልኝ በሉት። የባትሪውን ፊት በአንድ ሶፍት ሸፍኑትና ከጎን፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ያብራ። ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ የቆዳው ጉብታዎች ጥላ ጥለው ይታያሉ። ጥቂት ፎቶ አንሱና አጥፉት። የበሩ መብራት ካለም እሱ ራሱ ሊበቃ ይችላል፤ ስልኩን ጡብ ላይ አስደግፋችሁ በናይት ሞድ ሞክሩት። ጉርጥ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ አይነቃነቅም።

ሲበላ ማንሳት ለምትፈልጉ ደግሞ የኋላ እግሩን ጣት ጠብቁ። ጉርጥ ነፍሳት ሲያይ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከፊት እግሮቹ ላይ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከዚያ የኋላ እግሩ ረጅሟ ጣት መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ያኔ ቪዲዮውን ክፈቱ፣ የሚቻል ከሆነ በስሎ ሞሽን። ምላሱ የታሰረው ከአፉ ፊት ነው፣ ተገልብጦ ነው የሚወረወረው፣ በዓይን አይያዝም። በኋላ ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ስታዩ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ሲውጥ ዓይኑን ይጨፍናል። ጣፍጦት አይደለም፤ የዓይኑ ኳሶች ወደ ውስጥ ገብተው ምግቡን ወደ ጉሮሮ ሲገፉ ነው።

«ውሃ ውስጥ ብንከተው ደስ ይለዋል»

ልጆች በቅን ልቦና የሚያደርጉት ነገር ነው። ጉርጥ ያገኙና ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ይጨምሩታል። ጉርጥ ግን ኑሮው የብስ ላይ ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባው በዋናነት ለመራባት ነው። ይዋኛል፤ ግን ዳሩ ቀጥ ካለ ባልዲ መውጣት አይችልም። ሲደክመው ይሰምጣል። ክረምት ላይ ክፍት ሮቶ፣ በርሜልና ጉድጓድ ካላችሁ ክደኑት፤ ካልሆነ ከውስጥ ወደ ጠርዙ የሚያወጣ ጣውላ ዘንበል አድርጋችሁ አስገቡበት።

ሊደረግለት የሚገባ ነገር ካለ ጥላ ነው። አፉ የተሰበረ ጣሳ እርጥብ ቦታ ላይ በጎኑ አስተኙለት፤ ቀን ቀን የሚደበቅበት ያገኛል። በማግስቱ ጠቆር ብሎ ወይም ነጣ ብሎ ብታገኙት ሌላ ጉርጥ መጣ አትበሉ። እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ ቀለሙ ይለዋወጣል።

«ጎመኑን የሚበላው እሱ ነው»

ጠዋት የተበሳሳ ጎመን ታያላችሁ፤ ጎመኑ ስር ጉርጥ አለ። ፍርዱ ይቸኩላል። አዋቂ ጉርጥ ቅጠል አይበላም። የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚበላው፤ በረሮ፣ ጢንዚዛ፣ ጉንዳን፣ ምስጥ፣ ትል። ጎመኑ ስር የተገኘው ጎመኑን የበላውን ለመብላት ነው።

ሆኖም ተአምር አትጠብቁበት። «ጉርጥ ካለ ቢምቢ የለም» የሚለው ማጋነን ነው፤ አብዛኛው አደኑ መሬት ላይ የሚሄደውን ነው። «እንግዲያው ከሌላ ቦታ ለቅመን እናምጣ» የሚለው ደግሞ ጥፋት ነው። አውስትራሊያ በ1935 እ.ኤ.አ. የሸንኮራ አገዳ ጢንዚዛ ያጠፋልናል ብላ ኬን ቶድን አስገባች። ጢንዚዛው አልጠፋም፤ ጉርጡ ግን አገር ምድሩን ሞላው፣ መርዙን የማያውቁትን የአገሩን እንስሳት ፈጀ። እኛም ዘንድ ቢሆን ጉርጥ ከቦታ ቦታ ማዟዟር በሽታ ያዛምታል። ኪትሪድ የሚባል ቆዳቸውን የሚያጠቃ ፈንገስ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዝርያዎች ላይ በስፋት እንዳለ አሳይቷል።

ንብ የምታረቡ ከሆነ ግን ቅሬታችሁ እውነት ነው። ጉርጥ ማታ ቀፎ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ንብ ይለቅማል። መፍትሔው መግደል አይደለም፤ ቀፎውን ከመሬት ከፍ ማድረግና ስሩ ያለውን ሣር ማጨድ ነው። ጉርጥ ከፍ ያለ ነገር ላይ መዝለል አይችልበትም።

«ደጃፍ ላይ የተገኘ ጉርጥ መተት ነው»

የሰው እጅ አለበት የሚል አይጠፋም። እጁ የራሳችሁ ነው፤ መብራቱን ያበራችሁት እናንተ ናችሁ። መብራት ነፍሳትን ይጠራል፣ ነፍሳት ጉርጥን። ከዝናብ በኋላ አሸን ሲፈላ ከሆነ ደግሞ ድግስ ነው። አሸኑ ክንፉን እየጣለ ሲወድቅ ጉርጡ ከስር ሆኖ መልቀም ብቻ ነው ሥራው። አንድ ምቹ ቦታ ያገኘ ጉርጥ ደግሞ ደጋግሞ ይመጣበታል።

«ከዝናብ ጋር ከሰማይ ይወርዳል»

ትናንት ያልነበረ ጉርጥ ዛሬ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግቢውን ሲሞላው ሰው ምን ይበል? ግን ከመሬት ነው የወጡት። በደረቁ ወራት ድንጋይ ስር፣ ስንጥቅ ውስጥ፣ ለስላሳ አፈር ውስጥ ተሸሽገው ይቆያሉ። እርጥበቱ ሲመጣ አንድ ላይ ይወጣሉ። የጥፍር ያህል የሆኑት ትንንሾቹ ደግሞ ከኩሬ በአንድ ጊዜ በብዛት የሚወጡ ልጆች ናቸው። ጭራቸውን ጥለው እግር አውጥተው የመጀመሪያ ጉዟቸው ነው። በዚያ ሰሞን ማታ ግቢ ውስጥ መኪና ስታስገቡ መሬቱን አይታችሁ ንዱ።

«ጉርጥ ሁሉ አንድ ነው»

ኢትዮጵያ ውስጥ በርካታ የጉርጥ ዝርያዎች አሉ፤ ጥቂቶቹም ከዚህ ውጪ የትም የሉም። በስምጥ ሸለቆ በላንጋኖ ስም የተጠራ ጉርጥ አለ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው በሳይንስ የተመዘገበው። በባሌ ተራሮች ከ3000 ሜትር በላይ የሚኖር ትንሽዬ ጉርጥ ደግሞ ስለ እንቁላል ከላይ ያልኩትን ያፈርሳል። እንቁላሉ የሚዳብረው ሴቷ ሆድ ውስጥ ነው፤ የምትጥለውም ውሃ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ ነው። ስሙ ማልኮልም ላርገን ለተባለው፣ የኢትዮጵያን እንቁራሪቶች ብዙ ላጠና ተመራማሪ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። የዚህ ጉርጥ ቅርብ ዘመድ የሆነው የኦስጉድ ጉርጥ በ1932 እ.ኤ.አ. ተመዝግቦ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ታየ የሚል ዘገባ የለም።

በደጋው የሚኖረው የአስመራ ጉርጥ የሚባለው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። በ1982 እ.ኤ.አ. ነው ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው። ሴሎቹ ውስጥ ያለው የክሮሞዞም ስብስብ እንደ አብዛኛው እንስሳ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ይህ ደግሞ በፎቶ አይታይም። ስለዚህ «ፎቶ አለኝ፣ ዝርያውን ንገሩኝ» ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም። ድምፁ ይበልጣል። የሚጮኸው በዋናነት ወንዱ ነው፤ እያንዳንዱ ዝርያም የራሱ ጥሪ አለው። ስልካችሁን ኩሬው አጠገብ አስቀምጣችሁ አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ፎቶም ከሆነ አንድ ከላይ የጀርባውን ንድፍ፣ አንድ ከጎን የዓይኑንና የዕጢውን ቅርጽ፣ ከቀኑና ከቦታው ጋር ያዙ። አይናቹራሊስት የተባለው፣ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ላይ ብትጭኑት ከሌላ አገር ያለ ባለሙያ ሳይቀር ሊያየው ይችላል።

«ቤት ከገባ በጨውና በበረኪና ይባረራል»

ጨው ጉርጥን አያባርርም፤ ያሰቃየዋል። በዚያ ስስ ቆዳው በኩል ውሃውን ከሰውነቱ ይመጥጠዋል። በረኪና ደግሞ ያቃጥለዋል። ለማስወጣት ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ከኋላው ቆሻሻ ማፈሻውን መሬት ላይ አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ አስጠጉት። ራሱ ይወጣበታል፣ ካልሆነም በካርቶን ቁራጭ ገፋ አድርጉት። ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው እርጥብ ጥግ ላይ አውርዱት፤ ወንዝ ማዶ ወስዳችሁ አትጣሉት። በር ስር ያለውን ክፍተት በላስቲክ ከዘጋችሁ ዳግም አይገባም። በረኪና የፈሰሰበት ወለል ላይ ካገኛችሁት ግን ከመልቀቃችሁ በፊት ሆዱንና እግሩን በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብላችሁ አለቅልቁለት።